የስምንተኛው ደረጃ ቃል

አንዋር ይማም ጠዋት ከቤት የሚወጣው ልጁ አንድ ለስላሳ ነገር ፈልጋ ካገኘች በኋላ ነው። አንዳንድ ቀን የሚፈለገው ክብ ነገር ይሆናል፣ አንዳንድ ቀን ሰማያዊ። ከግድግዳው የሚመጣ የሴት ድምፅ በእንግሊዝኛ ያዛል። የስድስት ዓመቷ ኑሃ ቤቱን እየዞረች ትፈልጋለች፤ ያገኘችውን ወደ ግድግዳው ከፍ አድርጋ ስሙን ትጠራለች፤ ግድግዳው ያጨበጭብላታል። ከዚያ የእጅ መታጠቢያው መዝሙር ይቀጥላል፣ ከዚያ የጥርሱ፣ ከዚያ የጫማው። መዝሙሩ ሳያልቅ ጫማ አይታሰርም። አንዋር በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ለስላሳ ነገር ሲባል ኑሃ ሁልጊዜ የምታመጣው የእናቷን ሻሽ ነው።

ፕሮግራሙ ፈንዲሻ ይባላል። ኮምቦልቻ ውስጥ መቀመጥ የቻለ ሕፃን ሁሉ ፈንዲሻ አለው ማለት ይቻላል። አንደኛ ክፍል ለመግባት ስድስተኛ ደረጃን መጨረስ ግድ ነው፤ ትምህርቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ በልጁ ጆሮ ሌላ ቋንቋ እንዳይገባ ይመከራል። ለዚህም ጉትቻ አለ። ሕዝቡ ጉትቻ ይበለው እንጂ የሚንጠለጠል ነገር አይደለም፤ የስንዴ ፍሬ የምታክል፣ ጆሮ ውስጥ የምትሰካ ነገር ናት። አባት በአማርኛ ሲናገር ልጅ በአባቷ ድምፅ እንግሊዝኛ ትሰማለች። ልጅ በእንግሊዝኛ ስትመልስ አባት በልጁ ድምፅ አማርኛ ይሰማል። ገበያውም፣ ታክሲውም፣ የጎረቤት ጠቡም እንደዚሁ ነው። የሰው አፍ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ መሆኑ አሁን አሁን ማንንም አይገርምም።

አንዋር የሚሠራው ደረቅ ወደቡ ላይ ነው። ከጅቡቲ ሹፌር ሳይኖራቸው የሚመጡ ከባድ መኪኖችን ባትሪ ይቀይራል። እሱም በልጅነቱ እንግሊዝኛ ተምሯል፤ ከተማረው ግን «የስ» እና «ኖ» ከማለት ብዙም የቀረው የለም። ልጄ እንደኔ አትሆንም ይል ነበር። ሚስቱ ሂንዲያም እንደዚሁ ትል ነበር።

ሂንዲያ ኩላሊቷን ታማ፣ ደሴ ሆስፒታል ገብታ፣ እዚያው ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏል። ኑሃ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። እናቷን ለመጨረሻ ጊዜ ያየቻት ትንሽ ሻንጣ ይዛ መኪና ውስጥ ስትገባ ነው። ለቅሶው እስኪያልፍ የአንዋር እህት ልጅቷን ሐይቅ ወሰደቻት። ሰደቃው ካለፈ በኋላ አንዋር ራሱ ሄዶ አመጣት፤ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጣትና መንገድ ላይ ሲያሰላስለው የመጣውን ነገራት።

«እናትሽ ወደ አኼራ ሄዳለች» አላት። «አላህ ወስዷታል። ትልቅ ስትሆኚ ይገባሻል።»

ኑሃ ትንሽ አሰበችና አንድ ነገር ተናገረች። በጉትቻው «ትናፍቀኛለች አባ» የሚል ደረሰው። አንዋር አቅፏት አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም። እንደ እናቷ ጠንካራ ናት ብሎ ተጽናና።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ስለ እናቷ ባነሳች ቁጥር በጆሮው የሚመጣለት ከዚህ የራቀ አልነበረም። «ትናፍቀኛለች።» «እናቴን እወዳታለሁ።» አንድ ቀን ብቻ ከሥራ ደክሞት በገባበት፣ ጥያቄ በሚመስል ድምፅ ደጋግማ ስታነሳበት፣ «ሞታለች እኮ ኑሃዬ፣ ሞታለች» አላት። «እሺ አባ» የሚል ሰማ። እሷም ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች።

ደግሞም በትምህርቷ ሌላ ሰው ሆነች። ሌሎቹ ልጆች ከግድግዳው እየሸሹ ውጭ ሲሯሯጡ እሷ ሳትጠራ ትቀርባለች፤ መዝሙሩ ሲያልቅ ሌላ ትጠይቃለች። የግቢው እናቶች ልጆቻቸውን ሲቆጡ «ኑሃን አታዪም?» ይሉ ነበር።

መምህርት ኤፍራታ ከባቲ መጥተው በግቢው ያለችውን የጓሮ ክፍል የተከራዩት በመጋቢት ነው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ከፈንዲሻ በፊት በነበረው ጊዜ ለትንንሽ ልጆች እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። ያኔ ኢንተርኔት ላይ የሚገኙትን መዝሙሮች በትንሽ ስፒከር ይከፍቱላቸዋል፤ ልጆቹ እየዘለሉ የአካላቸውን ክፍል ይጠራሉ፣ በቆርኪ ይቆጥራሉ፣ ጭቃ ጠፍጥፈው ላምና ቤት ይሠራሉ። ደወል ሲደወል ሁሉም እየተንጫጩ ወደ አማርኛቸው ይመለሳሉ።

መምህርቷ ጉትቻ አያደርጉም። ሞክረውት ጆሯቸውን እያሳከካቸው ተዉት። ስለዚህ ልጆቹ የሚሉትን እንዳለ የሚሰማ ትልቅ ሰው በግቢው ውስጥ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ኑሃም የቀረበቻቸው በዚሁ ምክንያት ነው። አፋቸውና ድምፃቸው አብረው ሲሄዱ አየች። ፊታቸው ቆማ ከንፈራቸውን ስታይ ቆየችና «እንዴት ነው እንደዚህ የምታደርጊው?» አለቻቸው። የተማረችው እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም።

«ዝም ብዬ ነው የማወራው» አሏት፣ እሳቸውም በእንግሊዝኛ። ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ ቀን በኋላ አባቷ ሥራ በዋለ ቁጥር ከእሳቸው አትጠፋም።

አንድ ከሰዓት በኋላ መምህርቷ ጭቃ አቦኩላትና የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን ያሠሩ የነበረውን አሠሯት፤ ቤትሽን ሥሪ፣ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ ሥሪ፣ እየሠራሽ ንገሪኝ። ኑሃ ቤቱን ሠራች። አባቷን በሩ ላይ አቆመችው፤ ራሷን ከውስጥ አስቀመጠች። ከዚያ ሌላ ሰው ጠፈጠፈች፤ በእጇ ሻንጣ አስያዘቻትና ከቤቱ አርቃ የተቀመጡበት ሰሌን ዳር ላይ አደረገቻት።

መምህርቷ የልጅቷ እናት ማረፏን ከጎረቤት ሰምተዋል። «ይቺ ደግሞ ማናት?» አሏት።

«እናቴ።»

«ምን ታደርጋለች እዚያ?»

«ጉዞ ላይ ናት። ሩቅ ነው የሄደችው።» ኑሃ የሻንጣውን እጀታ በጥፍሯ ታስተካክላለች። «ትልቅ ስሆን አያታለሁ። ዳዲ ነው የነገረኝ፣ ትልቅ ስትሆኚ ታያለሽ ብሎ። ስድስተኛ ደረጃን ከጨረስኩ ትልቅ ሆንኩ ማለት ነው። ትንሽ ነው የቀረኝ።»

መምህርቷ ውሃ ቀድተው እጇን አጠቡላት፤ ጭቃው ከለቀቀ በኋላም ማጠባቸውን አላቆሙም ነበር።

አንዋር ከሥራ ሲመለስ የግቢው በር ላይ ጠብቀው ወደ ክፍላቸው አስገቡት። «ስለ እናቷ ምን ብለህ ነበር የነገርካት?» አሉት። ነገራቸው። ቃል በቃል ያስታውሰው ነበር።

«አኼራ የሚል ቃል ልጅቷ የላትም» አሉት። «'ይገባሻል' የሚለውም ገና አልተሰጣትም። ፈንዲሻ ለእሱ የሚቀርብ ብሎ ያስገባላት 'ታያለሽ' የሚለውን ነው። ትልቅ ስትሆኚ ታያለሽ ብሎኛል ነው የምትለው። እናቷን የምታያት መስሏት ነው አንዋር። እየጠበቀቻት ነው።»

«ሞታለች ብያታለሁ። አንድ ቀን በግልጽ ነግሬያታለሁ።»

«ምን ሆኖ እንደደረሳት አላውቅም። ሞታለች ሆኖ ግን አልደረሳትም።»

«እሷም እኮ 'ትናፍቀኛለች' ትለኛለች መምህርት። ሁልጊዜ የምትለኝ እሱን ነው።»

«እኔን ዛሬ የጠየቀችኝ 'ጎበዝ ከሆንኩ ቶሎ ትመጣለች ወይ' ብላ ነው።»

አንዋር የያዘውን ፌስታል መሬት ላይ አስቀመጠ። ውስጡ ለልጁ የገዛው ሙዝ ነበር። 

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ወደ ፈንዲሻ ደወለ። ያነጋገረችው ሰው ትሁን ማሽን አልለየም፤ ትሑት ነበረች። ለልጁ ደረጃ ያልተፈቀደ ቃል በሚቀርበው ቃል እንደሚተካ አስረዳችው። «ሞት የስምንተኛ ደረጃ ቃል ነው» አለችው። «ስለ ጉንዳንና ቢራቢሮ በሚያስተምረው ምዕራፍ ውስጥ ይመጣል። አብዛኞቹ ልጆች በዘጠኝ ዓመታቸው ይደርሱበታል።»

«እኔ ጋ የሚመጣውስ ለምን ይቀየራል? እኔ ትልቅ ሰው ነኝ።»

«ወላጅን የሚያስጨንቁ አገላለጾች ይለዝባሉ። ሲመዘገቡ የመረጡት አገልግሎት ነው።»

ማን እንደመረጠው አላስታወሰም። ምናልባት ሂንዲያ ነበረች፤ ምናልባት እሱ ራሱ። ቃሉ ቀደም ብሎ እንዲፈቀድ ማመልከት እንደሚችል ተነገረው። አመለከተ። ጥያቄው እየታየ ነው የሚል መልስ መጣለት፤ ምሳውን ሳይበላ ወደ መኪኖቹ ተመለሰ።

መምህርቷ እንዲነግሩለት ለመናቸው። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መርዶ በዘመድ አፍ ነው የሚነገረው» አሉት። «እኔ ትናንት የመጣሁ ጎረቤት ነኝ። እኔ ብነግራት ወደ አንተ ሮጣ መጥታ ትጠይቅሃለች፣ አንተም በጉትቻህ ትመልስላታለህ። ከዚያ ማንን ታምናለች? አንተው ንገራት። አፉን እኔ አስተምርሃለሁ።»

እንዲህ ሆኖ አንዋር የልጆች በርጩማ ላይ ተቀምጦ እንግሊዝኛ ጀመረ። ሰሌዳ አልነበረም። መምህርቷ በሩ ጋ ሄደው በእጃቸው ይጠሩታል፣ «ከም» ይላሉ፤ ይመጣል። ይገፉታል፣ «ጎ» ይላሉ፤ ይሄዳል። ጠጠር ስኒ ውስጥ ያደርጋሉ፣ ስኒው ላይ ያደርጋሉ፣ ከስኒው ሥር ይደብቃሉ፤ ጠጠሩ የት እንዳለ መናገር የእሱ ፋንታ ነው። እርጥብ ቅጠልና ደረቅ ቅጠል አሳዩት፤ በደረቁ ላይ ጣታቸውን አድርገው «ዳይድ» አሉ። ቃሏን ወደቡ ላይ ባትሪ እየነቀለ ሲደጋግማት ይውላል።

«ሄደች እንዳትላት» አሉት አንድ ቀን። «ያኔም ያሳሳታችሁ ያቺ ቃል ናት። የሄደ ይመለሳል።»

«አማርኛውስ ቢሆን መምህርት» አለ አንዋር። «ሞታለች ማለት ከብዶኝ ነው እኮ አኼራ ያልኩት። ግማሹን ስህተት የሠራሁት ራሴ ነኝ።»



የነገራት ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ ነው። ግድግዳውን አጠፋ። ደጃፉ ላይ ባለው ደረጃ አጠገቡ አስቀመጣት፤ የእሷንም የራሱንም ጉትቻ አውልቆ መስኮቱ ላይ አኖረ። ልጅቷ አንድ ነገር ተናገረች። የልጁን ድምፅ እንዳለ ሲሰማው ለእሱ እንግዳ ነበር። «ስ» ስትል ምላሷ ትንሽ ይያዛል። እናቷም እንደዚያ ነበረች። ጉትቻው ይህን ሲያስተካክለው ኖሯል።

«ኑሃ» አላት። «ማም ዳይድ።»

ዓይኗ ፈጠጠ። አባቷ በገዛ አፉ እንግሊዝኛ ሲናገር ሰምታ አታውቅም። ከዚያ ፊቷ በራ፤ ግድግዳው እንደሚያደርገው አጨበጨበችለት። «ጉድ ጆብ ዳዲ» አለችው። እንዲደግመው በእጇ ምልክት ሰጠችው። ደገመው። እንደገና አጨበጨበች። ቀጥላም ራሷን ዘንበል አድርጋ «ዋት ኢዝ ዳይድ?» ብላ ጠየቀችው።

አንዋር ያላሰበው ነገር ይህ ነበር። እሱ ቃሉን ለመማር ሲደክም፣ ለእሷም ያልተማረችው ቃል መሆኑን ረስቶታል።

ያሉትን ቃላት ሁሉ ሰበሰበ። «ማም ኖ ከም» አላት። «ቱሞሮው ኖ ከም። ኑሃ ቢግ፣ ማም ኖ ከም።»

ማጨብጨቧን ተወች። ፊቱን አየችው፣ እየቀለደ እንደሆነ ለማወቅ። ከዚያ ተነስታ ከመስኮቱ ላይ ሁለቱንም ጉትቻዎች አመጣች። የራሷን ሰካች፤ የእሱን ሰጠችውና አፉን በጣቷ አመለከተችው። ተናገር ማለቷ ነበር። አባቷ ቋንቋውን እንደማይችል ታውቃለች፤ ሲሳሳት ጉትቻው ያርመዋል።

«እናትሽ ሞታለች» አላት በአማርኛ። «አትመጣም። መቼም አትመጣም ኑሃዬ።»

እያያት ነበር። ግንባሯ ላይ የነበረው መኮማተር ቀስ ብሎ ተፈታ። ትከሻዋ ወረደ። ፈገግ ብላ ረዘም ያለ ነገር ነገረችው፤ በጆሮው የደረሰው «እወድሃለሁ አባ» የሚል ብቻ ነው።

አንዋር ጉትቻውን ከራሱ ጆሮ ነቀለ፣ ከእሷም ነቀለ፣ እጇን ይዞ ወጣ። መቃብሩ ከሰፈሩ በላይ ዳገቱ ላይ ነው።  ሂንዲያ ያለችበት ቦታ ሲደርሱ ተንበርክኮ መዳፉን አፈሩ ላይ አደረገ።

«ማም» አለ። «ሂር።»

ኑሃ ዙሪያዋን አየች። ድንጋይና ደረቅ ሣር ብቻ ነበር። አባቷን አየች፤ እጁን አየች። ውስጥ፣ ላይና ሥር የአንደኛ ደረጃ ቃላት ናቸው፤ በአሻንጉሊትና በሳጥን የተማረቻቸው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንደር?» አለች።

አንዋር በስኒውና በጠጠሩ ተምሮታል። «የስ» አላት።

ወዲያው አላለቀሰችም። አጠገቡ ቁጭ ብላ አፈሩን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው፤ የሚከፈት ነገር መሆኑን የምታይ ይመስላል። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረች። መልስ ስታጣ ደገመችው። ሦስተኛውን ስትል ለቅሶው መጣ፤ ቃላቱ ለቅሶው ውስጥ ጠፉ። አንዋር ምን እንዳለች አልገባውም። ዓረፍተ ነገሩን ግን በጆሮው ያዘው፤ ልጁን አዝሎ ዳገቱን ሲወርድ እንዳይጠፋበት ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይደጋግመው ነበር።

ልጅቷን አስተኝቶ መምህርቷ ዘንድ ሄደና የያዘውን አላቸው። «ዋይ ዲድ ዩ ኖት ቴል ሚ።»

 «'ለምን አልነገርከኝም' ነው» አሉት መምህርቷ።

ነግሬያት ነበር ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ ተወው።

ኑሃ ከዚያ ወዲህ ጉትቻ አላደረገችም። ሲሰጧት ታስቀምጠዋለች። ግድግዳው ጠዋት ለስላሳ ነገር እንድታመጣ ሲጠራት አትነሳም፤ ትንሽ ይጠብቅና ራሱ ይዘምራል። ስድስተኛው ደረጃ ጥቂት እንደቀረው ቆመ። የአንደኛ ክፍል ምዝገባ መጣ፣ አለፈ። የአንዋር እህት ከሐይቅ ድረስ መጥታ «ልጅቷን ከሰው ወደኋላ ታስቀራታለህ?» ብላ ተቆጣችው።  ክረምቱ ሲገባ ከፈንዲሻ መልእክት ደረሰው፤ ያመለከቱበት ቃል ለልጅዎ ተፈቅዷል ይላል፣ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።

አባትና ልጅ መምህርቷ ክፍል ውስጥ ሰሌን ላይ እየተቀመጡ ቃል ይለዋወጣሉ። አንድ እሱ ይሰጣታል፣ አንድ እሷ ትሰጠዋለች። እሷ ቶሎ ትይዛለች፣ እሱ ይረሳል። የሰጣትን የአማርኛ ቃል ትይዛለች እንጂ ለመናገር እምቢ ትላለች፤ መምህርቷም አያስገድዷትም።  አንዳንድ ቀን ልጅቷ ፊቷን አዙራበት ትውላለች፤ ምክንያቱን ቢጠይቃት የሚመለስለትን አይረዳውም።

በነሐሴ አንድ ዝናባማ እሑድ አንዋር አሮጌ ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳያት። ኑሃ ገና መራመድ ስትጀምር የተቀረጸ ነው። ሂንዲያ ከክፍሉ ጫፍ ተንበርክካ እጇን ዘርግታለች። «ነይ» ትላለች። «ነይ የኔ እናት፣ ነይ፣ አይዞሽ።» ሕፃኗ ግድግዳውን ለቅቃ ትንገዳገዳለች።

ኑሃ ስልኩን ከእጁ ወሰደችው። ስልኩ ውስጥ ያለውን ፊት ታውቀዋለች። ከዚያ ፊት የሚወጣውን ንግግር ግን አላወቀችውም። ለእሷ እናቷ እንግሊዝኛ ነበር የምትናገረው። ወደ መምህርቷ ዞራ የሆነ ነገር አለች።

«'እናቴ እንደዚህ አትናገርም፤ ማን ናት ይቺ?' እያለች ነው» አሉት መምህርቷ።

  መምህርቷ ኑሃን አስጠግተው በዝግታ አወሯት፤ ይቺ እናትሽ ናት፣ ድምፅዋም ይኸው ነበር፣ ሁልጊዜም ይኸው ነበር። «ነይ» ምን ማለት እንደሆነም ነገሯት።

ልጅቷ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው አስጀመረችው። እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ እንደገና አስጀመረችው። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አንዋር ሊያቅፋት እጁን ዘረጋና ሊነካት ሲል መለሰው። ሂንዲያ ስልኩ ውስጥ እጇን እንደዘረጋች ነው።

ኑሃ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋች፤ ከንፈሯን አንድ ሁለቴ በዝምታ ሞከረችና በአማርኛ፣ ለእናቷ፣ «ነይ» አለቻት።